በእኔ በኩል ያለው ፍሬን

ቲቸር ለሁለተኛ ጊዜ የወደቁት ማክሰኞ ጠዋት፣ ልክ እንደ መጀመሪያው፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። እኔ ከፈተናው ሜዳ አጥር ውጪ ቆሜ፣ ሽቦውን በሁለት እጄ ጨብጬ አያለሁ። መኪናዋ የእኔ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ያሠለጠንኩባት፣ አንድ ጭረት የሌለባት ነጭ መኪና። ከአናቱ ላይ ቀስ ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ፈጠን አለች፤ ከዚያ ታች ወዳለው የእግረኛ ዜብራ እንደተለቀቀ ጋሪ ወረደች። በመጨረሻ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፋ አድርጋ ቆመች። ያቆሟት ግን ቲቸር አልነበሩም፤ አጠገባቸው የተቀመጠው ፈታኝ ነው።

የማሠልጠኛ መኪና ሁለት ፍሬን አላት፤ አንዱ በሠልጣኙ እግር ሥር፣ አንዱ ከጎኑ በተቀመጠው ሰው እግር ሥር። ሁለቱ ከሥር በብረት ስለተያያዙ አንዱ ሲረገጥ ሌላውም አብሮ ይወርዳል። በፈተና ቀን ፈታኙ የራሱን ፍሬን ከነካ ነገሩ እዚያው ላይ አበቃ፤ ሠልጣኙ ወድቋል።

ቲቸር ወርደው ቀሚሳቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ መጡ። ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕፃናት ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቅ ሴት ናቸው።

«አሁንም ያው ቦታ» አሉኝ።

«አየሁት እኮ ቲቸር! በዓይኔ በብረቱ አየሁት! ትናንት አምስት ጊዜ ወረድን፤ አምስቱንም ጊዜ ቆመዋል። ዛሬ እግርዎን ቤት ረስተውት ነው የመጡት?»

በአንቱታ መጮህ ልዩ ችሎታ ይጠይቃል፤ እኔ ችሎታው አለኝ። አጥሩ ሥር ተራቸውን የሚጠብቁ ሠልጣኞች ሁሉ ዞረው አዩን። ቲቸር ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቀፉ። ከዚያ «ጋሼን ምን እላቸዋለሁ?» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

ጋሼ ባለቤታቸው ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ከአራት ወር በፊት አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ወደቁ። ስትሮክ ነው አሏቸው። ምላሳቸው ተመለሰ፤ እጃቸው ተመለሰ፤ ቀኝ እግራቸው ግን እንደ ሌላ ሰው እግር ተጋድሞ ቀረ። ሐኪሙ የነገራቸውን ቲቸር ቃል በቃል ይደግሙታል፦ እግሩ አልሞተም፣ ሥራውን ረስቷል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ካንቀሳቀስነው ሊያስታውስ ይችላል፤ ግን የመጀመሪያው ዓመት ሳያልፍ ነው። እግር የሚያሠሩበት ክሊኒክ ደግሞ ከከተማው ዳር፣ አውቶቡስ የማይደርስበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት በየተራ አደረሳቸው፤ ከዚያ ጎረቤትም ሥራ አለው፣ ደከመ። አሁን በሳምንት አንድ ቀን ከሄዱ ትልቅ ነገር ነው። የጋሼ ትንሽ መኪና ደጃቸው ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች።

ለቲቸር የቀረቻቸው አንዲት ፈተና ናት፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው አንድ ዓመት ጠብቆ ከሀ ይጀምራል። አንድ ዓመት መጠበቅ ማለት የጋሼን እግር መሰናበት ማለት ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የጮህኩባቸው።

ባልደረቦቼ «ፍሬን» ይሉኛል። በሠልጣኝ ላይ ስጮህ «ፍሬን! ፍሬን! ፍሬን!» የሚለው ድምፄ ግቢውን አልፎ ስለሚሰማ ነው። ስሙን እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው። የእነሱ መኪኖች በየሳምንቱ ይጫራሉ፤ መብራታቸው ይሰበራል፤ የእኔዋ ግን እንደ ሙሽራ ናት። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አነሣዋለሁ። ሚስቴ «አሥራ አንድ ዓመት አንድም ጭረት የለባትም ካልክ እኔ ራሴ ሄጄ ነው የምጭራት» ትለኛለች።

ክርስቲያን ነኝ፤ እሑድ እሑድ ከፊት ሦስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ክርስቲያን። የዚያን ቀን መኪናዋን ለምርመራ ወደ ጋራዥ ስነዳ መንገዱን ሙሉ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ ለእኚህ ሴት ማስተዋል ስጣቸው። አንተ ታውቃለህ፣ እኔ የምችለውን ሁሉ አድርጌአለሁ። ልባቸውን ክፈትላቸው፣ ይግባቸው» አልኩ። ጸሎቴ ከልብ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይቀላል።

መካኒኩ የሚስቴ ወንድም ነው። መኪናዋን ተቀበለኝና መብራት ይዞ ከመሪው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ገባ። እግሮቹ ብቻ በበሩ ወጥተው ይታያሉ። ሻይ ለማዘዝ ስነሣ ከውስጥ ጠራኝ።

«አማቼ፣ እስቲ አንዴ ና። የፍሬን ፔዳሎቹን ላስቲክ የቀየርኩልህ መቼ ነበር?»

«አምና ነዋ። ሁለቱንም ባንድ ቀን።»

«በል እጅህን አስገባና የሠልጣኙን ፔዳል ዳስሰው።»

አስገባሁ። የላስቲኩ መስመሮች እንደ አዲስ ጫማ ሶል ጎልተው ይቆረቁራሉ።

«አሁን የአንተን።»

በዚያኛው በር ዞሬ የራሴን ዳሰስኩ። ላስቲክ የለም። ከመሐሉ ተበልቶ አልቆ ጣቴ ያገኘው ለስላሳ ብረት ነው። ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን ጥቁር ክር ቀርቷል።

«ሌሎቹ መኪኖች ላይ የአሠልጣኙን ፔዳል ከነአቧራው ነው የማገኘው» አለ የሚስቴ ወንድም ተነሥቶ ጀርባውን እያራገፈ። «የሚያልቀው የሠልጣኙ ነው። አንተ ጋ ተገልብጧል። ግን አማቼ፣ ይቺን መኪና የሚነዳት ማነው?»

«ላስቲክህ ጥራት የለውም» አልኩት። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ይቀድማል።

«ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው» አለና በሹፌሩ በኩል ገባ። «ና ግባ፤ ፍሬኗን ልሞክር።»

በእኔ ቦታ ተቀመጥኩ። ከጋራዡ ወጥተን ሃምሳ ሜትር ሳንሄድ፣ የመጀመሪያው ማዞሪያ ላይ «እግርህን!» አለኝ። አላነሣሁም ብዬ ልምል አፌን ስከፍት ቁልቁል አየሁ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር፤ ግማሽ ድረስ ረግጦታል። እኔ አላዘዝኩትም። አነሣሁት። ቀጥሎ ያለው መገናኛ ላይ ሄዶ አረፈ። አነሣሁት። ከአንድ አውቶቡስ ኋላ ስንደርስ ደግሞ አረፈ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌባ። አጎንብሼ የራሴን እግር ስጠብቅ አንገቴ ታመመ። ጋራዥ እስክንመለስ አሥራ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ።

የሚስቴ ወንድም ተሳላቂ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቀብኝም። ሞተሩን አጥፍቶ «ሠልጣኞችህ ይህን ያውቃሉ?» አለኝ።

እንዴት ይወቁ? የእኔ ፔዳል ሲወርድ የእነሱም አብሮ ይወርዳል። ቲቸር እግራቸውን ያሳርፋሉ፤ ፔዳሉ ከሥራቸው ዝቅ ይላል፤ መኪናዋ ትቆማለች። እሳቸውም አቆምኩ ብለው ያምናሉ፤ እኔም አቆሙ ብዬ አምናለሁ። በፈተና ቀን የሚቀመጠው ፈታኝ ግን እግሩን ይሰበስባል። ቲቸር እግራቸውን ያሳርፋሉ፤ ፔዳሉ ግን በራሱ አይወርድም። ከዚያ ቁልቁለቱ ይሠራላቸዋል፤ እኔም አጥር ሥር ቆሜ እጮህባቸዋለሁ። ስንት ሰው እዚያ ቁልቁለት ላይ ጥዬ ይሆን? ስንቱን ደደብ ብዬ ይሆን? ጋራዡ ወለል ላይ ካለ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ቲቸር ወደሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ልጆቹ ለእረፍት ወጥተዋል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ወንበር ሁሉ ከጉልበቴ የማይደርስ ነው፤ አንዱ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተጋጠመ። ግድግዳው ላይ ጠመም ጠመም ያሉ ፊደሎች በመስመር ተለጥፈዋል። እንደዚያ ተኮማትሬ፣ ከፔዳሌ ያወለቅኩትን መሐሉ የተበላ ላስቲክ ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ሁሉን ነገርኳቸው። አንድም ነገር አልደበቅኩም። ስጨርስ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የወደቁት እኔ ስለረገጥኩ ነው» አልኩ።

ቲቸር ላስቲኩን አንሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉት። በቀዳዳው ውስጥ አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ወንድምዬ፣ እኔም አድርጌዋለሁ» አሉ። «ማስተማር የጀመርኩ ዓመት። ልጆቹ ፊደል ሲያጣምሙ አልችልም ነበር። እጃቸውን ከነእርሳሱ እይዝና አብሬ እጽፋለሁ። ግማሽ ዓመት እንደዛ አደረግሁ። ደብተራቸው የሚያምር! ርዕሰ መምህሯ አይታ አመሰገነችኝ። አንድ ቀን ራሷ ክፍል ገብታ አንዱን ልጅ ‹እስቲ ሀ ጻፍልኝ› አለችው። ልጁ እርሳሱን ያዘ፤ እጁን አየር ላይ አነሣ፤ ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። እጁን እንደዘረጋ መጥቼ እስክይዝለት ጠበቀኝ።» የራሳቸውን እጅ አንሥተው አሳዩኝ። «ያን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው ክፍል ውስጥ የምዞረው።»

«ሲያጣምሙት እያዩ?»

«እያየሁ። እዚያው አጠገባቸው ቆሜ። ላጲሱ ኪሴ ውስጥ አለ።» ላስቲኩን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «አንዳንዴ እግዚአብሔርም እንደዛ ይመስለኛል። ሰው ‹ለምን ዝም ይላል፣ የት ሄዶ ነው› ይላል። የትም አልሄደም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው። እጃችንን ይዞ ቢጽፍ እኮ የእሱ ጽሕፈት ነው የሚሆነው፤ እኛ አልተማርንም።»

«አይናደድም ታዲያ?» አልኩ። እንደ ልጅ ነበር የጠየቅኩት፤ ወንበሩም የልጅ ነው።

«ስንት ዓመትህ ነው?»

«አርባ አራት።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ላይ ስትጮህ ኖርክ። ማጥፋትህን እንኳ አታውቅም ነበር። ትናንት ደግሞ ላስቲክ አሳየህ። ቶሎ የሚናደድ ቢሆን ኖሮ እስከ ትናንት ይጠብቅህ ነበር?»

ዕድሜዬን ሙሉ እግዚአብሔርን እንደ እኔ ያለ አሠልጣኝ አድርጌ ነበር የማስበው፤ እግሩን ፍሬን ላይ፣ ዓይኑን ጥፋቴ ላይ ያደረገ። ስለዚህ እኔም እሱን የመሰልኩ መስሎኝ ጮህኩ። በመስቀል ላይ ሆኖ ለማያውቁ ሰዎች ምሕረት የለመነውን ጌታ እሑድ እሑድ እየዘመርኩለት፣ ሰኞ ሰኞ ባላወቀ ሰው ላይ ደሜ ይፈላ ነበር። እዚያ ትንሽ ወንበር ላይ ያለ አንዳች ሃፍረት እንባዬ ወረደ። ልጆቹ ከእረፍት ሲመለሱ አንዲት ሕፃን በር ላይ ቆማ «ቲቸር፣ ምን አድርጎ ነው?» አለች።

«ምንም። አዲስ ተማሪ ነው» አሉ ቲቸር። ወደ እኔ ዞረው «ስንት ቀን ቀረን?» አሉኝ።

«ስድስት።»

«ይበቃል።»

ከሰዓት በኋላ መለማመጃ ሜዳችን ሄድን። አንድ ጉብታ አለ፤ ግርጌው ላይ ባዶ በርሜል አቆምኩ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ሁለት እግሬን ወንበሩ ላይ አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ካልሲዬ አውራ ጣቴ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ ቲቸር አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

«አሁን ማንም አይረዳዎትም። በርሜሉ ጋ ይቁሙ» አልኩ።

ጉብታው ላይ ወጥተን መውረድ ጀመርን። እግራቸው ፍሬኑ ላይ አረፈ፤ አየሁት። አረፈ እንጂ አልረገጠም። መኪናዋ ፈጠነች። በርሜሉ ተለቀ። ምላሴን ነከስኩ፣ ጉልበቴን በሁለት እጄ ጨመቅሁ፤ የታጠፈው እግሬ ከሥሬ እንደ ታሰረ ፍየል ይታገላል። ከዚያ ጓ! በርሜሉ ተንከባለለ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ሙሽራ አፍንጫዋ ሰረጎደ።

ጩኸቱ ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። ድንጋይ የመዋጥ ያህል ነበር፤ ግን ዋጥኩት።

ቲቸር መሪውን እንደያዙ እግራቸውን ቁልቁል አዩ። «ጠበቀኮ» አሉ በዝግታ። «እግሬ፣ ፔዳሉ እስኪወርድለት ጠበቀ። ያ ልጅ! ልክ እንደዚያ ልጅ!» ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የለም፤ አንድ ነገር ያገኘ ሰው ፊት ነው። «በል በርሜሉን አቁምልኝ።»

ሁለተኛውን ጊዜ ነካ አደረጉት። ሦስተኛውን ጊዜ በጣም ርቀው፣ ጉብታው ወገብ ላይ ቆሙ፤ ግንባሬ ከመስታወቱ ሊጋጭ ምንም አልቀረውም። ስምንተኛው ላይ መኪናዋ ለስለስ ብላ ወርዳ፣ ከበርሜሉ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። «ይሄ የማን ነው?» አሉ ቲቸር። «የእርስዎ ነው። የእኔ እግር ይኸው» አልኩና ካልሲዬን ከነቀዳዳው አነሣሁት።

ባንድ ቀን መልአክ ሆንኩ ብል ሚስቴ ትታዘበኛለች። ሐሙስ ዕለት ቲቸር ስፖኪዮ ሳያዩ ሊታጠፉ ሲሉ አፌ አመለጠኝ፤ እንደ ድሮዬ ጮህኩ። ቲቸር ፍሬቻ አሳይተው ዳር ያዙ፤ ሞተሩን አጠፉ፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ወደ ፊት ማየት ጀመሩ። እኔ ስጮህ፣ ስጮህ፣ ከዚያ ዝግ ስል፣ ከዚያ ለራሴ ስሰማው፣ ዝም አልኩ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«መልካም» አሉና ሞተሩን አስነሡ። ስፖኪዮውን አይተው ወጡ። ያን ቀን የሠለጠኑት እሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዓርብ ዕለት አንዴም አልጮህኩም።

ቅዳሜ መንገድ ወጣን፤ እዚያም እግሬን አጣጥፌ። እውነት ለመናገር መንገድ ላይ ግራ እግሬን ብቻ ነው ያጠፍኩት። ቀኙን ከፔዳሉ አጠገብ አኖርኩት፤ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ነውና። ለምን እንደምጠብቅ ግን አሁን አውቄአለሁ። ገበያው ጀርባ ስንደርስ አንድ ባለጋሪ ሽንኩርቱን ከምሮ ከሁለት ሱቆች መሐል ድንገት ብቅ አለ። እግሬ ዘለለ። ከመድረሱ በፊት ግን መኪናዋ ቆማ ነበር። እግሬ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ባለጋሪው አንድ እጁን ለምስጋና አንሥቶ ጋሪውን እየገፋ አለፈ። ቲቸር ላብ አጥምቋቸዋል፤ እየሳቁ ነው። «ቀደምኩህ!» አሉኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያስደሰተኝ መቀደም የለም።

ማክሰኞ መጣ። ፈታኙ ያው ያለፈው ነው። የሰረጎደውን አፍንጫዋን አይቶ «ፍሬን፣ ይቺ መኪና ያንተ ናት?» አለኝ። ባልደረቦቼ ሳቁ። ይሳቁ። ቲቸር ወንበራቸውን አስተካከሉ፣ ስፖኪዮ አዩ፣ ቀበቶ አሰሩ፣ ሄዱ። እኔ ወደ አጥሬ ተመለስኩና ሽቦውን ያዝኩ። «ጌታ ሆይ፣ እኔን ጠብቀሃል፤ አሁን እሳቸውን» ብቻ አልኩ።

ወደ ኋላ ነድቶ ማቆምን አለፉ። ዳገት ላይ መነሣት አለፉ፤ መኪናዋ አንዴ ነቅነቅ አለች እንጂ አልጠፋችም። ከዚያ ቁልቁለቱ አናት ላይ ታዩ። መኪናዋ ቀስ ብላ ጀመረች። ዜብራው ላይ የሜዳው ጥበቃ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከዘራ ይዘው አንድ እግራቸውን አስገብተዋል። መኪናዋ ወረደች፣ ወረደች፣ ፈጠን ልትል ስትል ዝግ አለች፤ አፍንጫዋን ሳትደፋ፣ ጎማዋ ሳይጮህ፣ ከነጩ መስመር በፊት ጸጥ ብላ ቆመች። ሽማግሌው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በሰፊው ጊዜ ተሻገሩ። ጨርሰው እግረኛው መንገድ ላይ ሲወጡ ነው ቲቸር የተነሡት።

ጮህኩ። ሽቦውን እያንቀጫቀጭኩ ጮህኩ። አንዱ ባልደረባዬ «ፍሬን አበደ!» አለ። እውነቱን ነው፣ አብጄአለሁ።

ፈታኙ ወረቀቱን ፈርሞ ወረደ። በአጠገቤ ሲያልፍ «እግሬን ወንበሩ ሥር ሰብስቤ ነው የሄድኩት። የሚያስነሣኝ አላገኘሁም» አለኝ። ከኋላው ቲቸር ወረዱ። ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ የማላውቃቸው ሴት ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ወርውረው፣ ሜዳው ሁሉ እስኪሰማ፣ «አቆምኳት! እኔ አቆምኳት! እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ነኝ ያቆምኳት!» ብለው ጮኹ። ተራ የሚጠብቁት ሠልጣኞች አጨበጨቡ። እኔ ማጨብጨብ አልቻልኩም፤ ፊቴን በክንዴ እየጠረግሁ ነበር።

የመኪናዬን ስርጉድ እስከ ዛሬ አላስጠገንኩትም። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን አሳየዋለሁ፤ ከዚያ ጫማዬን አወልቃለሁ።

ፈተናውን ካለፉ በሰባተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ቲቸር ደወሉ። «ዛሬ ክሊኒክ ከእኛ ጋር ትሄዳለህ። እንግዳ ነህ፣ አሠልጣኝ አይደለህም» አሉኝ። ሸራዋን ያወለቀችው የጋሼ መኪና ደጄ መጣች። ቲቸር መሪው ላይ ናቸው፤ ጋሼ ከጎናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሳይዘሉ፣ ሰባት ሳምንት ተመላልሰዋል። እግሩ ግን ገና ነው፤ ሰው ሲያነሣው ይነሣል፣ ሲያስቀምጠው ይቀመጣል። እኔ ከኋላ ገባሁ። የኋላ ወንበር ፍሬን የለውም፤ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ለመቀመጥ ሞክሬ ጀርባዬ አላስቻለኝም።

ጋሼ መንገዱን ሙሉ አስተያየት ይሰጣሉ። «ማርሽ! አንቺ፣ ማርሽ!» «ያን ከባድ መኪና አትጠጊው፤ እኔ ነኝ የማውቃቸው።» ቲቸር አልፎ አልፎ «እሺ ሹፌሬ» ይላሉ፤ የፈለጉትን ያደርጋሉ። ክሊኒኩ ከመድረሱ በፊት ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ታች መገናኛ። መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ቀይ ሆነ። ቲቸር እየተዝናኑ፣ ለስለስ አድርገው ማቆም ጀመሩ።

«ፍሬን!» አሉ ጋሼ፤ ሰውነታቸው ተወጠረ። ከፊት ወለሉ ላይ አንድ ነገር ዷ አለ።

«እግርህን አንሣ አንተ ሰውዬ!» አሉ ቲቸር እየሳቁ። «እዚያ በኩል ፍሬን የለም። የማቆመው እኔ ነኝ!»

«የቱን እግሬን?» አሉ ጋሼ።

ሦስታችንም አጎነበስን። ቀኝ እግራቸው ከነበረበት ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ ጫማው የወለሉን ምንጣፍ ጨፍልቆ ረግጧል። ማንም አላነሣውም፤ ማንም አላስቀመጠውም። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና እያዩት ቀስ አድርገው ሰበሰቡት። ከዚያ እንደገና ረገጡ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያሉት መኪኖች ጡሩንባቸውን ለቀቁብን፤ አንዳቸውም አልተሰሙንም። ቲቸር ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ፤ እኔ ከኋላ የጋሼን ትከሻ ይዤ «ክብር ለእግዚአብሔር» እላለሁ፣ ደግሜ ደጋግሜ፣ ሌላ ቃል ጠፍቶኝ። ጋሼ ግን ሹፌር ናቸው፤ ጊዜ አላባከኑም።

«አዙሪው» አሉ። «አዙሪውና እንደገና ውረጂበት።»

ቲቸር ፍሬቻ አሳዩ፣ ስፖኪዮ አዩ፣ አዞሩት። ያን ቁልቁለት አራት ጊዜ ወረድነው፤ አራቱንም ጊዜ ጋሼ «ፍሬን!» እያሉ ረገጡ፣ ቲቸርም አቆሙ። ክሊኒክ የደረስነው ከቀጠሯችን ሃያ ደቂቃ ዘግይተን ነው።